በአሮጌ ካሚዮን ሞተር የአየር መግቢያ ስለሚጋገረው ጥቀርሻ፤ ምልክቱን ስለ ማወቅና ስለ ማጽዳት

እህል በማሳ ላይ ቢያምር፥ በአውድማም ላይ ቢትረፈረፍ፥ ወደ ጎተራና ወደ ገበያ የሚያደርሰው ካልተገኘ ለባለቤቱም ለአገሩም ሙሉ ጥቅም አይሰጥም። ቀድሞ ይህን ሸክም አጋሰስና ግመል ይሸከሙት ነበር፤ ዛሬ ግን የሚበዛው በካሚዮን ይጓዛል። ማዳበሪያውም ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ፥ የቆላውን ሐሩር አልፎ፥ ዳገቱን ወጥቶ፥ ክረምቱ ሳይገባ በገበሬው እጅ መድረስ ይገባዋል። እንግዲህ ካሚዮን በዳገት ላይ ሲደክም የሚደክመው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ የዘር ጊዜ አብሮ ያልፋል፥ ያለፈውን የዘር ጊዜ ደግሞ በገንዘብ መልሶ መግዛት አይቻልም።

ብዙ ጊዜ እንደሚታየው አንድ ካሚዮን ዳገት ሲያቅተውና ጥቁር ጭስ ሲያበዛ፥ ባለቤቱ ወይም ኃላፊው ሹም ወዲያው የናፍጣ ፓምፑ ይለወጥ፥ ወይም ሞተሩ ጠቅላላ ይታደስ ብሎ ያዝዛል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶ፥ ብዙ ሳምንት ጠፍቶ፥ ካሚዮኑ ግን እንደ ፊተኛው ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱም በሽታው በፓምፑ ሳይሆን ሞተሩ በሚተነፍስበት ቧንቧ ውስጥ ስለ ሆነ ነው። በዚያ ቧንቧ ውስጥ ዘይትና አቧራ ከጥላሸት ጋራ ተቀላቅሎ፥ በማድ ቤት ጣራ እንደሚንጠለጠለው ጥቀርሻ ተጋግሮ፥ የአየሩን መንገድ አጥብቦታልና። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለመካኒክ ብቻ አይደለም። ካሚዮን በእጁ ያለ ሹምና ባለንብረት እርሱ ራሱ መፍቻ ባይዝ እንኳ፥ የሚያዝዘውን ሥራና የሚከፍልበትን ነገር ለይቶ ማወቅ የተገባ ስለ ሆነ ነው።

ሞተሩ እንዴት እንደሚተነፍስ

ሩዶልፍ ዲዝል የሚባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. በአውግስቡርግ ከተማ ሞተሩን ሠርቶ ካሳየ ወዲህ፥ የናፍጣ ሞተር የአሠራር ሕግ በመሠረቱ አልተለወጠም። ወደ ሲሊንደሩ መጀመሪያ የሚገባው አየር ብቻ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ አየሩን አጥብቆ ሲጨቁነው አየሩ እጅግ ይግላል፤ በዚያች ሰዓት ናፍጣው እንደ ጉም ሆኖ ይረጭበታል፥ ያለ አንዳች ካንዴላም በግለቱ ብቻ ይቀጣጠላል። ስለዚህ የሞተሩ ጉልበት በናፍጣው መጠን ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ናፍጣውን የሚያቃጥል አየር ሊኖር ይገባል።

ልኩም እንዲህ ነው። 1 ኪሎ ናፍጣ ፈጽሞ ለመቃጠል 14 ኪሎ ተኩል የሚሆን አየር ይፈልጋል። ይህም በባሕር ጠረፍ ላይ ሲሰላ ለ1 ሊትር ናፍጣ 10 ሜትር ኩብ ያህል አየር ማለት ነው፤ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ንጹሕ ሆኖ እንዲሠራ ከዚህ ልክ የሚተርፍ አየር ያሻዋል። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋ ግን አየሩ ስሱ ነው፤ ክብደቱ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ከአራት እጅ ሦስቱን እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ያው 1 ሊትር ናፍጣ በደጋው ላይ 13 ሜትር ኩብ የሚያህል አየር ይጠይቃል። ደገኛው ካሚዮን ከቈላው ካሚዮን ይልቅ ሰፊ የአየር መንገድ ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ ከዚህም የተነሣ የመንገዱ መጥበብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው በደጋ ዳገት ላይ ነው።

ጥቀርሻው ከየት እንደሚመጣ

አንዳንድ ሰው፥ ጥላሸት ከእሳቱ በኋላ በጭስ ማውጫው የሚወጣ ነገር ሆኖ ሳለ፥ እሳት ባልነካው በአየር መግቢያው እንዴት ሊገኝ ይችላል ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም የሚከተለው ነው።

አንደኛው ምንጭ የሞተሩ መተንፈሻ ነው። የፒስተኑ ፋሻ ሲያረጅ ከተቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል፥ በዚያም ከዘይት እንፋሎት ጋራ ይቀላቀላል። በብዙ ሞተሮች ይህ ጋዝ በቧንቧ ተመልሶ ወደ አየር መግቢያው እንዲገባ ተደርጓል። ሞተሩ አዲስ ሲሆን ጥቂት ነው፤ ሲያረጅ ግን የመግቢያውን ቧንቧ ግድግዳ በዘይት ይቀባዋል።

ሁለተኛው ምንጭ የአየር ማጣሪያው ማለት ፊልትሮው ነው። በአሮጌ ካሚዮኖች ላይ የሚገኘው የዘይት ፊልትሮ፥ አየሩ በዘይት ላይ እያለፈ አቧራውን እንዲጥል የተሠራ ነው። ዘይቱ ከምልክቱ በላይ የተሞላ እንደ ሆነ የሚገባው አየር ዘይቱን ይዞት ይሄዳል። የወረቀቱ ፊልትሮ ደግሞ የተቀደደ ወይም በደንብ ያልተገጠመ እንደ ሆነ፥ የጠጠሩ መንገድ አቧራ ሳይጣራ ያልፍና በዘይት በተቀባው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ጭድ ከጭቃ ጋራ ተመርጎ ግድግዳ እንደሚሆን፥ አቧራውም ከዘይቱ ጋራ ተመርጎ በሞተሩ ግለት ይደርቃል።

ሦስተኛው ምንጭ የቫልቭ ግንድና የቱርቦ ዘንግ ነው። የመግቢያው ቫልቭ የሚመላለስበት ቀዳዳ ሲሰፋ ከላይ የሚወርደው ዘይት ወደ አየሩ መንገድ ይንጠባጠባል። ቱርቦ ያለውም ሞተር የቱርቦው ማሸጊያ ሲያረጅ ዘይቱን ከአየሩ ጋራ ያስገባል።

አራተኛው ምንጭ የጭሱ ራሱ መመለስ ነው። የመግቢያው ቫልቭ በደንብ የማይከደን እንደ ሆነ፥ በሲሊንደሩ ውስጥ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ኋላ ይተፋል። ከዚህም ሌላ፥ ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በመጀመሪያ በአሜሪካ መኪኖች ላይ፥ ኋላም በብዙ የናፍጣ ካሚዮኖች ላይ፥ ከጭሱ ጥቂቱን ሆን ብሎ ወደ አየር መግቢያው የሚመልስ መሣሪያ ተገጥሟል። ይህም የእሳቱን ግለት አብርዶ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለውን መርዛም ጋዝ ለመቀነስ ነው። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የተመለሰው ጥላሸት ከመተንፈሻው ዘይት ጋራ ሲገናኝ ጥቀርሻው ፈጥኖ ይወፍራል። ከ1952 እስከ 1988 ዓ.ም. በአውሮጳ አቆጣጠር እንደ ተሠራው እንደ ፊያት 682 ያለ አሮጌ ካሚዮን ጭስ መላሽ መሣሪያ ስለሌለው፥ በእርሱ ላይ ጥቀርሻ ቢገኝ ምንጩ ከፊተኞቹ ሦስት ወይም ከቫልቩ አለመከደን መፈለግ አለበት።

በእነዚህ ላይ አንድ የሰው ስሕተት ይጨመራል። ሹፌሩ ጉልበት እንዲያገኝ ብሎ የናፍጣ ፓምፑን ያስከፍተዋል። አየሩ ሳይጨመር ናፍጣው ብቻ ሲጨመር ግን የሚበዛው ጉልበት ሳይሆን ጥላሸት ነው። ጥላሸቱም በፋሻው ሾልኮ ዘይቱን ያጠቁራል፥ ከተመላሹ ጭስ ጋራም ወደ መግቢያው ይመጣል።

ጉዳቱ በቍጥር ሲታይ

የስድስት ሚሊሜትር ጥቀርሻ ለዐይን ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ወርዱ 60 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ቧንቧ ዙሪያውን 6 ሚሊሜትር ጥቀርሻ ቢለብስ፥ የሚቀረው ክፍት ወርድ 48 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የስፋቱ ልክ ሲሰላ ከመቶው 64 እጅ ብቻ ቀርቷል፤ ከመንገዱ ከሲሶ የሚበልጠው ተዘግቷል ማለት ነው። ጥቀርሻው 3 ሚሊሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ከመቶ 19 እጅ ይጠፋል። በዚህ ላይ የጥቀርሻው ገጽ ሻካራ ስለ ሆነ አየሩን ይጎትተዋል እንጂ በቀና አያሳልፈውም።

ከሁሉ የሚከፋው ክፋቱ ራሱን የሚወልድ መሆኑ ነው። አየር ሲያንስ ናፍጣው ሳይቃጠል ይቀራል፤ ያልተቃጠለው ጥላሸት ይሆናል፤ ጥላሸቱ ዘይቱን ያበላሻል፤ የተበላሸው ዘይት ፋሻውን ይበላል፤ የተበላው ፋሻ ዘይትና ጋዝ ወደ መግቢያው ይልካል። እንዲህ ሲዞር ይኖራል። ስለዚህ አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህም ነገር ይስማማል።

ምልክቱ

የሞተሩ ጭስ ለሚያውቀው ሰው እንደ በሽተኛ ምላስ ነው። ጥቁር ጭስ ሲታይ ናፍጣው ከአየሩ መብዛቱን ወይም አየሩ ማነሱን ያስረዳል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይገልጣል። ነጭ ጭስ በብርድ ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቢቈይ ግን ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ሲሊንደሩ የገባ ውሃ መኖሩን ያመለክታልና በቶሎ ይመርመር።

የመግቢያው ጥቀርሻ ምልክት የሚከተለው ነው። ጭነት ሳይኖር ደኅና የሚሄደው ካሚዮን ተጭኖ ዳገት ሲጀምር ይታፈናል፤ ከዚህ ቀደም በሦስተኛ ማርሽ የወጣውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ይወጣል። ጥቁር ጭሱ በጭነት ጊዜ ይበዛል። ለአንድ መንገድ የሚበቃው ናፍጣ ሳይበቃ ይቀራል። በሚኒሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ በጠዋት ሲነሣ ይቸገራል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ሳይሆን በወራት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። ድካሙ በአንድ ቀን በድንገት የመጣ እንደ ሆነ ግን ጥቀርሻው ዋናው ምክንያት አይሆንም፤ የተቀደደ የአየር ቱቦ፥ የተዘጋ የናፍጣ ፊልትሮ፥ ወይም ሌላ የተሰበረ ነገር ይፈለግ።

ምርመራው በቅደም ተከተል

ምርመራ ከርካሹ ወደ ውዱ፥ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል። ይህን ሥርዐት የሚገለብጥ ሰው ብዙ ገንዘብ ያወጣል።

1ኛ፤ የአየር ፊልትሮው ይከፈትና ይታይ። የወረቀት ፊልትሮ ከሆነ በብርሃን ላይ ተይዞ ብርሃን የማያሳልፍ ሲሆን ይለወጥ። የዘይት ፊልትሮ ከሆነ የዘይቱ ልክ ከምልክቱ ጋራ ይተያይ፥ ከታች የረጋው ጭቃም ይጠረግ። ከጥቂቱ የማይበልጥ ቁጥር ያለው ካሚዮን በዚህ ብቻ ይድናል ማለት አይቻልም፤ ብዙው የሚድነው በዚህ ነውና አይናቅ።

2ኛ፤ ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለው የላስቲክ ቱቦና ማሰሪያው ይመርመር። ከውጭ ደኅና መስሎ በውስጡ የተላጠ ቱቦ ሞተሩ ሲስብ ይጨመደድና መንገዱን ይዘጋል።

3ኛ፤ የመተንፈሻው ቧንቧ ይነቀልና ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ይታይ። ጥቂት ትንፋሽ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ እንደ ፈላ ጀበና እየተገፋ የሚወጣ ጭስ ግን የፋሻውን ማርጀት ያስታውቃል።

4ኛ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ወደ አየር ማከፋፈያው ቧንቧ የሚገባው ክርን ይፈታና በመብራት ይታይ። በጣት ሲነካ የሚገኘው ነገር ምንጩን ይናገራል። ደረቅና እንደ ዱቄት የላመ ጥቁር ከሆነ ከጭሱ የመጣ ነው። እርጥብና የሚያጣብቅ ከሆነ ዘይት አለበት። በጣቶች መካከል ሲታሽ እንደ አሸዋ የሚቈረቍር ከሆነ ደግሞ ፊልትሮው አቧራ አሳልፏል ማለት ነው፤ ይህ ከሁሉ ይከፋል፥ አቧራው ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋልና።

5ኛ፤ የጥቀርሻው ውፍረት በቀጭን ማስመሪያ ይለካና ይጻፍ። ከላይ በተሰጠው ስሌት የጠፋው ስፋት ይታወቃል።

ለምሳሌ፥ ማዳበሪያ የሚያመላልስ አንድ ካሚዮን ደከመ እንበል። ሹፌሩ ፓምፑ ይለወጥ ይላል። ኃላፊው ግን ይህን ቅደም ተከተል ቢያስይዝ፥ ፊልትሮው ንጹሕ፥ ቱቦው ደኅና፥ በክርኑ ውስጥ ግን እርጥብ ጥቀርሻ 6 ሚሊሜትር ተገኘ። እንግዲህ ፓምፑን መለወጥ ጥቅም የለውም፤ አዲሱም ፓምፕ ያንኑ የታነቀ ሞተር ይመግባልና። የሚያስፈልገው የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ፥ ጥቂት ላምባና አዲስ ማሸጊያ ነው። የፓምፑ ገንዘብ ይቀራል፤ ማዳበሪያውም ክረምቱን ይቀድመዋል።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ይታወቅ። ወደ ናፍጣ ጋን የሚጨመር መድኃኒት የአየር መግቢያውን ያጸዳል ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢገኝ፥ ገዥው ይጠንቀቅ። ናፍጣ በአየር መግቢያው አያልፍም፤ ከፓምፑ ወደ ረጪው፥ ከረጪውም በቀጥታ ወደ እሳቱ ቦታ ይገባል። ባላለፈበት መንገድ ያለውን ጥቀርሻ ሊያጥብ አይችልም።

የማጽዳቱ ሥራ

ሥራው በውጭ ወይም ነፋስ በሚያገኘው ቤት ይሠራ። ሞተሩ በርዶ የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ይፈታ። እያንዳንዱ ቱቦና ብሎን ከመፈታቱ በፊት ምልክት ይደረግበት፤ ብሎኖቹም በወጡበት ተራ በካርቶን ላይ ይሰኩ፥ ርዝመታቸው የተለያየ ይሆናልና።

የአየር ማከፋፈያው ቧንቧ ሲነሣ በቴስታታው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይደፈኑ። የጨርቁም ቍጥር ይጻፍ፤ ስድስት ገብቶ አምስት ቢወጣ ስድስተኛው ሳይገኝ ሞተሩ አይነሣ።

የተነሣው ቧንቧ በላምባ ወይም በናፍጣ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይደር። በማግሥቱ በእንጨት ወይም በናስ መፋቂያና በብሩሽ ይፋቅ። ቤንዚን ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይነካ፤ እንፋሎቱ ከሩቅ እሳት ይጠራል። ቧንቧው የብረት ቀልጦ የተሠራ ከሆነ በኮስቲክ ሶዳ ሙቅ ውሃ ማጠብ ይቻላል፥ እጅና ዐይን ተጠብቆ። አሉሚኒየም ከሆነ ግን ኮስቲክ ሶዳ አይቅረበው፤ ብረቱን ራሱን ይበላዋል፥ ሲበላውም የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ለአሉሚኒየም ሙቅ ውሃና ሳሙና ይበቃል። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፥ በታመቀ አየር ተነፍቶ፥ በፀሓይ ፈጽሞ ይድረቅ። ታላላቅ ጋራዦች የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በአየር ኀይል እየረጩ ያጸዳሉ፤ ቅርፊቱ ጥቀርሻውን ለማንሣት የጠነከረ፥ ብረቱን እንዳይጎዳ የለዘበ ስለ ሆነ ነው።

በቴስታታው ቀዳዳ ውስጥ ያለውን ጥቀርሻ ማጽዳት የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ሞተሩ በመፍቻ በእጅ ይዙርና የሚጸዳው ሲሊንደር የመግቢያ ቫልቭ መከደኑ ይረጋገጥ። ከዚያ በኋላ ብቻ ይፋቅ፤ የተፋቀውም በመምጠጫ ይውጣ። በናፍጣ ሞተር ፒስተኑ ከላይ ሲደርስ ከቴስታታው ጋራ የሚቀረው ክፍተት ከ1 ሚሊሜትር ብዙ አይበልጥም። በዚህ ክፍተት የምትገባ አንዲት ጠንካራ የጥቀርሻ ፍርፋሪ ቫልቩን ልታጣምም ትችላለች። አንዱ ሲሊንደር ሲያልቅ በጨርቅ ይደፈን፥ ሞተሩም ይዙርና ወደ ተከታዩ ይታለፍ።

ሲገጠም መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉት ማሸጊያ አዲስ ይሁን፤ አሮጌውን መልሶ መጠቀም ያልተጣራ አየር እንዲገባ በር መክፈት ነው። ብሎኖቹ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳርና ዳር፥ በሁለት ወይም በሦስት ዙር፥ የሠሪው መጽሐፍ በሚያዝዘው ኀይል ይጥበቁ።

የሚሠራውም ሰው ጓንት ያድርግ፥ አፉንና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ጥቀርሻውም ደርቆ እንዳይበንን ሲፋቅ በላምባ ይረጥብ። የዓለም የጤና ድርጅት ክፍል የሆነው የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2012 ዓ.ም. በአውሮጳ አቆጣጠር የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን አስታውቋል። የታጠበበት ላምባም በበርሜል ይጠራቀም እንጂ በወንዝ ወይም በእርሻ ዳር አይደፋ፤ መሬቱንም ከብቱንም ይጎዳል።

ሞተሩ ሲነሣ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ከዚህ ሥራ ሁሉ እጅግ የሚያሠጋው ሞተሩ መጀመሪያ የሚነሣበት ሰዓት ነው። በአየር መግቢያው ውስጥ ላምባ ወይም ዘይት ቀርቶ እንደ ሆነ፥ የናፍጣ ሞተር ያንኑ እንደ ምግብ ይበላዋል። ያን ጊዜ ሞተሩ ከልኩ በላይ እየፈጠነ ይጮኻል፥ ቍልፉ ቢጠፋም ናፍጣውም ቢዘጋ አይቆምም፤ የሚነደው ከጋኑ የመጣው ናፍጣ አይደለምና። የዘይት ፊልትሮው ከልኩ በላይ ሲሞላም፥ የቱርቦው ማሸጊያ ሲበላሽም ይኸው አደጋ ይደርሳል። ሞተሩ ተሰባብሮ ስብርባሪው ሰውን ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ሞተሩ ሳይነሣ አስቀድሞ የአየር መግቢያውን አፍ የሚከድን ጠንካራ ጣውላ ይዘጋጅ፥ አንድ ሰውም ይዞት ይቁም። ሞተሩ ከሸሸ አፉ በጣውላው ይከደን፤ አየር ሲያጣ ይቆማል። እጅ ወይም ጨርቅ አይደረግበት፤ የሳቡ ኀይል ይጎትተዋልና። ያልተሾመበት ሰው ሁሉ ከሞተሩ ጎን ይራቅ። ስለዚሁ ምክንያት ሞተሩ እየሠራ ቤንዚንም ሆነ ሌላ የሚነድ ማጽጃ ወደ መግቢያው መርጨት ክልክል መሆን አለበት። ውሃም አይፈስስበት፤ ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ ያጣምማል።

ሞተሩ በሰላም ከተነሣ በኋላ በሚኒሞ ይሙቅ፤ በማሸጊያው ዙሪያ የአየር ፉጨት እንዳለ ይደመጥ። በመጨረሻ ፊልትሮው ተገጥሞ፥ ካሚዮኑ የተለመደ ጭነቱን ጭኖ በሚታወቅ ዳገት ይፈተን።

ምንጩን ስለ ማድረቅ

ጥቀርሻውን ጠርጎ ምንጩን መተው የሚያፈስ ጣራ ሳይጠግኑ ወለሉን ማድረቅ ነው። በጣት ተመርምሮ ዘይት የተገኘ እንደ ሆነ መተንፈሻው፥ የቫልቭ ግንዱና ቱርቦው ይታዩ፤ የሲሊንደሮቹም እመቃ በመለኪያ ይለካ። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ እንደ ሆነ ፋሻው ወይም ቫልቩ አርጅቷል፤ እንግዲያውስ ሞተሩን ለማደስ የሚወጣው ገንዘብ በከንቱ የሚወጣ አይሆንም። አቧራ የተገኘ እንደ ሆነ የፊልትሮው ቤትና ማሰሪያው ይታደስ። ደረቅ ጥላሸት የተገኘ እንደ ሆነ የጭስ መላሹ መሣሪያ ተጣብቆ ክፍት መቅረቱ፥ የናፍጣ ረጪዎቹም አረጫጨት ይመርመር። ካሚዮኑ በደጋ የሚውል ከሆነ የፓምፑ የናፍጣ ልክ ለደጋው አየር የተስተካከለ ይሁን።

የዘወትሩም ጥበቃ ብዙ አይደለም። በጠጠር መንገድ በበጋ የሚሄድ ካሚዮን የአየር ፊልትሮው በየቀኑ ይታይ። የሞተር ዘይት ሠሪው ባዘዘው ጊዜ ይለወጥ እንጂ እስኪጠቁር አይጠበቅ። ሞተሩ ቆሞ በሚኒሞ ለብዙ ሰዓት አይሥራ፤ ቀዝቃዛ እሳት ጥላሸት ያበዛል። የአየር መግቢያው ክርንም በየዓመቱ አንድ ጊዜ፥ ይልቁንም አዝመራው ከመጓጓዙ በፊት፥ ተፈትቶ ይታይ።

ለእያንዳንዱ ካሚዮን አንድ መዝገብ ይከፈት። በመዝገቡ ላይ ቀኑ፥ የተጓዘው ኪሎሜትር፥ የተቀዳው ናፍጣ፥ የተጨመረው ዘይትና የተሠራው ሥራ ይጻፍ። በአንድ መንገድና በአንድ ጭነት የሚጠጣው ናፍጣ ከወር ወደ ወር እየጨመረ ሲሄድ መዝገቡ ከጭሱ አስቀድሞ ይናገራል። ከጽዳቱም በኋላ ያው ልክ ሲቀንስ ሥራው በእውነት መሠራቱ ይታወቃል፤ ለሠራተኛውም ምስጋናው፥ ላልሠራውም ተግሣጹ በማስረጃ ይሆናል።

ካሚዮን በእጁ ያለ ሹምና ባለንብረት ሁሉ እንግዲህ ለአዲስ ፓምፕ ወይም ለሞተር ማደሻ ገንዘብ ይውጣ የሚል ወረቀት ሲቀርብለት፥ ከመፈረሙ በፊት የአየር መግቢያው ተከፍቶ ታይቷልን፥ የጥቀርሻውስ ውፍረት ስንት ነው ብሎ ይጠይቅ። መልሱ በቍጥር ተጽፎ ካልቀረበ ምርመራው ገና አልተፈጸመም።